ማሲንቆው ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ

ልጅዎ «ፕሮዲዩሰር መሆን እፈልጋለሁ» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? ከለንደን ጭፈራ ቤቶች ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው የኒክ ፔጅ የሙያ ጉዞና የጎንደር አዝማሪዎች ጥበብ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ አላቸው።

ውድ አንባቢያችን፣ እራት ቀርቦ ልጅዎን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጣርተው መልስ ሲያጡ ወደ ክፍሉ ገብተው ያውቁ ይሆናል። ጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ ላፕቶፑ ላይ ተተክሏል። ስክሪኑ ላይ ቀለማቸው የተለያየ ትናንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል። «ምን እየሠራህ ነው?» ሲሉት «ቢት» ይልዎታል። ጥናቱን ትቶ ጌም የያዘ ይመስልዎትና ይቆጣሉ። ሰንበት ብሎ ደግሞ ያን የሠራውን ያሰማዎታል። ዱም፣ ዱም፣ ዱም የሚል ከበሮ፣ ከሥሩ የሚያጉረመርም ቤዝ፣ ከላዩ ደግሞ ከየት እንዳመጣው የማያውቁት የማሲንቆ ድምፅ።

ጎንደር ላይ ሠርግ የደገሰ ቤተሰብ ይህን ድብልቅ አስቀድሞ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ይዞራል፤ አማቾችን በየስማቸው እያነሳ ያሞግሳል፣ ይጎንጣል፣ ሽልማቱን ከግንባሩ ላይ ይቀበላል። ሲመሽ ዲጄው ስፒከሩን ከፍቶ ወጣቱን ያስነሳዋል። ለወላጆች እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ለሚዘል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን አንድ ቀን፣ አንድ ሙዚቃ ናቸው።

ታዲያ ይህ ነገር ሙያ ይሆናል? እንጀራ ይወጣዋል? ልጅዎ የሚፈልገው ውድ ኮምፒውተርስ በእርግጥ ያስፈልገዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን በዚህ መንገድ አስቀድሞ የሄደን ሰው ሕይወት እንመልከት።

አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ሲሆን

«ፕሮዲዩሰር» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ሁለት ትርጉም ተሸክሟል። በካሴት ዘመን ፕሮዲዩሰር ማለት ገንዘቡን አውጥቶ ዘፋኙን የሚያስቀርጽ፣ ካሴቱን አባዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ዛሬ ወጣቶቹ ቃሉን ሲጠቀሙ ሌላ ሰው ማለታቸው ነው። ምቱን የሚመርጥ፣ ቤዙን የሚያስገባ፣ ድምፁን የሚቀርጽ፣ የሚቆርጥ፣ የሚቀጥልና የሚያመጣጥን ሰው ነው። በድሮው አነጋገር አቀናባሪውን፣ ባንዱንና የስቱዲዮ ባለሙያውን በአንድ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው።

ሪሚክስ ደግሞ ተሠርቶ ያለቀን ዘፈን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። የእናትን የሐበሻ ቀሚስ ፈትታ ለልጇ የምትሰፋ ሴት ጥለቱን አትጥለውም፤ አዲሱ ልብስ ላይ ደምቆ የሚታይበትን ቦታ ትፈልግለታለች። ጥሩ ሪሚክስ ሠሪም እንዲሁ ነው። ዘፈኑን ዘፈን ያደረገውን ነገር ለይቶ ካላወቀ፣ የሚቀረው ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ሀውስ የሚባለው ሙዚቃ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካዋ ቺካጎ ነው። ስሙንም ያገኘው ዲጄ ፍራንኪ ናክልስ ያጫውትበት ከነበረው «ዌርሃውስ» ከተሰኘ ጭፈራ ቤት እንደሆነ ይነገራል። መሠረቱ ቀላል ነው፤ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ጊዜ እኩል የሚመታ ከበሮ፣ አራት አራት እየተቆጠረ፣ ሳያቋርጥ። በዚያ ዘመን ርካሽ የነበሩ ድራም ማሽኖችና ሲንተሳይዘሮች ባንድ ለመቅጠር አቅም ያልነበራቸውን ወጣቶች ሙዚቀኛ አደረጓቸው። በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሙዚቃው አትላንቲክን ተሻግሮ እንግሊዝን አጥለቀለቀ። የ1988 በጋ እስከ ዛሬ ድረስ በእንግሊዝ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ስም ያለው ወቅት ነው።

ካውንት ዱቡላ

በዚህ ማዕበል መካከል ከወጡት የለንደን ሙዚቀኞች አንዱ ኒክ ፔጅ ነው። ጊታርና ቤዝ ይጫወት፣ ያቀናብር፣ ፕሮዲዩስ ያደርግ ነበር። ስሙን ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው «ካውንት ዱቡላ» በሚል የቀልድ መጠሪያው ነው። በ1990ዎቹ መባቻ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ትራንስግሎባል አንደርግራውንድ የተሰኘውን ቡድን መሠረተ። አንዳንድ አባላቱ እንዲህ ያለ የፈጠራ ስም እየያዙ መድረክ ላይ ይወጡ ነበር።

የቡድኑ ሐሳብ በጊዜው እንግዳ ነበር። የለንደን ጭፈራ ቤት ምት ከታች ይሄዳል፤ ከላዩ ደግሞ የሕንድ፣ የዓረብ፣ የአፍሪካ ድምፅና ከበሮ ይደመራል። «ቴምፕል ሄድ» የተባለው ሥራቸው በ1991 ወጣ፤ በ1993 ደግሞ «ድሪም ኦፍ ሃንድረድ ኔሽንስ» የተሰኘው አልበማቸው ተከተለ። ዘፋኟ ናታሻ አትላስም ዝናዋን ማካበት የጀመረችው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው። ለንደን ውስጥ ጎን ለጎን የሚኖሩ የብዙ አገር ሰዎች ሙዚቃቸው ዳንስ ወለሉ ላይ ተገናኘ ማለት ይቻላል።

ፔጅ ከቡድኑ ከወጣ በኋላ ከባልደረባው ከኒል ስፓርክስ ጋር ቴምፕል ኦፍ ሳውንድ የሚባል ሌላ ቡድን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከፓኪስታን የመጡ የቀዋሊ ዘማሪዎች፣ ሪዝዋንና ሙአዘም፣ ከእነሱ ጋር አንድ አልበም ሠሩ። ቀዋሊ የሱፊ ሙስሊሞች መንፈሳዊ ዜማ ነው። እንዲህ ያለውን ዜማ ክብሩን ሳይነኩ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ማስቀመጥ ፕሮዲዩሰሩን ዝም ብሎ የመስማት ትዕግሥት ይጠይቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኒክ ፔጅ በአንድ ሌሊት ዝነኛ የሆነ ሰው አይደለም። አዲስ አበባ የደረሰው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ በስቱዲዮና በመድረክ ከሠራ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት መሣሪያ መጫወትን፣ ከሰው ጋር መሥራትንና የሌላውን ባህል ማዳመጥን ተምሯል።

አዲስ የምትባል ከተማ

እ.ኤ.አ. በ2006 ፔጅ ወደ አዲስ አበባ መጣ። የመጣው ባዶ እጁን አልነበረም። ዳብ የሚባለውን የጃማይካ ጥበብ ይዞ ነው። ዳብ የሪሚክስ አባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እነ ኪንግ ታቢ ኪንግስተን ውስጥ የተቀረጸን ዘፈን ወስደው ድምፁን እያጠፉ፣ ቤዙንና ከበሮውን እያጎሉ፣ ገደል ማሚቶ እየጨመሩ አዲስ ሙዚቃ ያደርጉት ነበር። ጃማይካውያን ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ዘፍነዋል፤ የኢትዮጵያን ዜማ ከዳብ ጋር በአንድ ስቱዲዮ ያገናኘ ግን እምብዛም አልነበረም። ፔጅ የሞከረው ይህንን ነበር።

ለሥራው ዳብ ኮሎሰስ የሚል ስም ሰጠው። አብረውት የሠሩት ሰዎች ዝርዝር ለእኛ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ ድምፃዊቷ ጸደኒያ ገብረማርቆስ፣ ስንታየሁ «ሚሚ» ዘነበ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ፈለቀ ኃይሉ፣ ወጣቱ ፒያኒስት ሳሙኤል ይርጋ፣ እንዲሁም ማሲንቆ ይዞ የሚዘፍነው ተራማጅ ወረታው። በ2008 «ኤ ታውን ኮልድ አዲስ»፣ በእኛ ቋንቋ «አዲስ የምትባል ከተማ» እንደማለት፣ የተሰኘው አልበም እንግሊዝ አገር በሚገኘው በሪል ወርልድ አሳታሚነት ወጣ። በ2011 ሁለተኛው ተከተለ። ሙዚቀኞቻችንም ከፔጅ ጋር የእንግሊዝ ፌስቲቫል መድረኮች ላይ ወጡ።

ይህ ሰው የኛን ሙዚቃ በላፕቶፕ ቆርጦ ይዞ መሄድ ይችል ነበር። የድሮ ሸክላና ካሴት ገዝቶ፣ ከማሲንቆው አራት ሰከንድ ወስዶ፣ ለንደን ላይ ቢት ሠርቶ መሸጥ ቀላሉ መንገድ ነው። እሱ ግን ተጫዋቾቹን ስቱዲዮ አስገባ፣ ስማቸውን አልበሙ ላይ ጻፈ፣ መድረክ ላይ ከፊት አቆማቸው። የዚህ አሠራር ፍሬ ከሁሉ በላይ የታየው በሳሙኤል ይርጋ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ጉዞ» የተሰኘው የሳሙኤል የራሱ አልበም በዚያው በሪል ወርልድ ሲወጣ ፕሮዲዩሰሩ ኒክ ፔጅ ነበር። ወጣቱ ፒያኒስት በሌላ ሰው ቡድን ውስጥ በአጃቢነት ጀምሮ በራሱ ስም ለዓለም ተዋወቀ።

ኒክ ፔጅ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ከእሱ ሥራ ልጆቻችን የሚወርሱት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለናል፤ ፕሮዲዩሰር የሚለካው በያዘው መሣሪያ ብዛት ሳይሆን በሰማው ሰው ብዛትና ለሰማው ሰው በሰጠው ቦታ ነው።

ማሽኑ የሚቸገርበት የጎንደር ምት

አሁን ወደ ጎንደር እንመለስ። ልጅዎ ያን ማሲንቆ ከሀውስ ምት ጋር ሊያስማማ ሲታገል ለምን ሌሊቱን ሙሉ እንደሚቀመጥ ማወቅ ይፈልጋሉ? ምክንያቱ እውነተኛ የሙያ ችግር ነው።

ሀውስ አራት አራት ይቆጠራል። ትከሻን ከቦታው የሚነቅለው የጎንደር እስክስታ ግን በአብዛኛው ችክችካ በምንለው ምት ይሄዳል፤ ሙዚቀኞች ስድስት በስምንት ይሉታል። በአራት የተቆጠረ ከበሮ ላይ በስድስት የተቆጠረ ጭብጨባ ዝም ብለው ቢደርቡት ሁለት ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ የሚያወሩ ይመስላል። መፍትሔው እያንዳንዱን የከበሮ ምት ለሦስት እኩል ከፍሎ ማሰብ ነው። ያን ጊዜ አራቱ የሀውስ ምቶች ሁለት ዙር ችክችካ ይሸከማሉ፤ እግር በአንዱ፣ ትከሻ በሌላው ይጨፍራል። ይህን ያገኘ ልጅ፣ ሳያውቀው የክፍልፋይ ሒሳብ ሠርቷል።

ሁለተኛው ችግር ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የተዋቀሩ ናቸው። ኪቦርዱ ግን እኩል ርቀት ያላቸው አሥራ ሁለት ድምፆች ይዞ ነው የሚመጣው። ማሲንቆው ከእነዚህ ቁልፎች ጋር አይስማማም። አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ብቻ አለችው፤ ጣት ክሯን ከጎን ይዳስሳታል እንጂ እንደ ጊታር እንጨት ላይ አይጫናትም። በዚህ ምክንያት አዝማሪው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፣ ያለቅሳል፣ ይስቃል። ኮምፒውተሩ ይህን መንሸራተት እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያስተካክለው ይሞክራል። የተስተካከለው ማሲንቆ ደግሞ ሞቷል። ልጁ መማር ያለበት ማሽኑን መቼ ዝም እንደሚያሰኝ ነው።

ይህን ማን ያስተምረዋል? እዚህ ላይ ነው ጎንደር ብዙ ከተማ የሌለው ሀብት ያላት። አፄ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን መናገሻቸው ካደረጉ ጀምሮ አዝማሪ በቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ ግብር ላይ ቦታ ነበረው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር በመባል ይታወቃል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ አዝማሪዎቹ እርስ በርስ የሚግባቡበት፣ ሌላው ሰው የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። ማለዳ በየደጁ ቆመው እያዜሙ የሚመርቁት ላሊበላዎችም ከከተማዋ ድምፆች አንዱ ናቸው። ወደ ዳባትና ደባርቅ ደጋ ሲወጡ ደግሞ የእረኛው ዋሽንት ይጠብቅዎታል።

ጃፓናዊው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያና ፊልም ሠሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ለዓመታት ወደ ጎንደር እየተመላለሰ አዝማሪዎቹንና ላሊበላዎቹን አጥንቷል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው አንድ ፊልም ጎንደር ውስጥ በዘፈን የሚኖሩ የአዝማሪ ልጆችን ይከተላል። ከጃፓን ድረስ ሰው የሚመጣበትን ነገር፣ የጎንደር ልጅ ከፒያሳ ሁለት መንገድ ተሻግሮ መስማት ይችላል።

የኛዎቹስ?

ይህ ሥራ ፈረንጅ ብቻ የሚሠራው እንዳይመስልዎ። የዋልያስ ባንዱን ኃይሉ መርጊያን ወላጆች በደንብ ያስታውሷቸዋል። ደብረ ብርሃን የተወለዱት አንጋፋው ኪቦርድ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በድራም ማሽን አንድ ካሴት ቀረጹ። ያም ዛሬ ልጅዎ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራው ዓይነት የአንድ ሰው ባንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዳቸውን እያወጡ ይለማመዱ ነበር። አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 እንደገና ሲያሳትመው ዓለም ተቀበላቸው፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። ትምህርቱ ሁለት ነው። ጥሩ ሥራ ሊዘገይ ይችላል። እስኪመጣ ድረስ ደግሞ እንጀራ የሚያወጣ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል።

ከእሳቸው በኋላ የመጣው ትውልድ ለሙዚቃው ስም ሰጠው። ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የተባሉት የአዲስ አበባ ልጆች ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ይሉታል። ሚካኤል አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኝ ኮሌጅ ሙዚቃ ተምሮ ተመለሰ፤ በ2014 «ያራዳ ልጅ»፣ በ2016 «ዘላለም» የተሰኙ ሥራዎቹን በአሜሪካ አሳታሚዎች በኩል አወጣ። እንደገና ሙሉ ደግሞ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል የመድረክ ስሙ ይታወቃል። ሁለቱም የአገር ቤቱን ድምፅ ከላይ እንደሚነሰነስ ማጣፈጫ ሳይሆን እንደ መነሻ ነው የያዙት።

ሮፍናን ኑሪን ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ቤትዎ ውስጥ ሳይሰማ አይቀርም። በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተሰኘው አልበሙ ሲወጣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከጥቂት ጭፈራ ቤቶች ወጥቶ ሳሎናችን ገባ። ዲጄ ሆኖ የጀመረ ሰው በአማርኛ ግጥም፣ በአገር ቤት ምትና በራሱ ቅንብር አልበም ሠርቶ ሰፊውን ሕዝብ ሊያገኝ እንደሚችል ያሳየው እሱ ነው።

ድምፁ የማን ነው?

እዚህ ጉዳይ ላይ ወላጅ ዝም ማለት የለበትም። ልጅዎ ያን ማሲንቆ ከየት አመጣው?

እ.ኤ.አ. በ1992 ዲፕ ፎረስት የተባለ የፈረንሳይ ቡድን በመላው ዓለም ዝነኛ የሆነ አንድ ዳንስ ሙዚቃ አወጣ። መሠረቱ የእሹሩሩ ዜማ ነው። ዜማውን ያዜመችው በፓስፊክ ውቅያኖስ ከሚገኙት የሰለሞን ደሴቶች የሆነች አፉናክዋ የምትባል ሴት ናት፤ የቀረጸው ደግሞ ሁጎ ዜምፕ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ ነበር። አልበሙ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ ተሸጠ። አፉናክዋ ግን ከዚህ ያገኘችው ነገር አልነበረም። ተመራማሪው ቅጂው ለዚህ ሥራ መዋሉን ተቃውሞ ጽፏል። ልጅ ለማባበል የወጣ ድምፅ የሌሎች መክበሪያ ሆነ፤ የዘፋኟን ስም ግን የጠየቀ ጨፋሪ አልነበረም።

ይህ ነገር ጎንደር ላይ እንዳይደገም የሚከለክል ሕግ አለን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለግጥምና ዜማ ደራሲው ብቻ የወጣ አይደለም። ከዋኙም፣ ማለትም የሚዘፍነውና የሚጫወተው ሰው፣ መብት አለው። አዝማሪው ዛሬ ማታ የሚያወርደው ግጥም የራሱ ነው፤ አጨዋወቱም የራሱ ነው። በስልክ ቀርጾ፣ ቆርጦ፣ ቢት ውስጥ አስገብቶ ኢንተርኔት ላይ መሸጥ ያለ ፈቃድ የሰው ንብረት መውሰድ ነው። ለአዝማሪው ሠርግ ላይ የተሰጠው ሽልማት ለዚያ ምሽት ጨዋታው የተከፈለ እንጂ ድምፁ የተሸጠበት ዋጋ አይደለም።

አዝማሪን «ለማኝ» እያሉ የሚያንኳስሱ ሰዎች በየዘመኑ ነበሩ። ልጅዎ የአዝማሪውን ስም ሥራው ላይ ቢጽፍ፣ ፈቃዱን ቢጠይቅና ከሚገኘው ቢያካፍለው ይህን የቆየ ነውር በራሱ እጅ ያስተካክላል።

በቤትዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

መጀመሪያ ያዳምጡት። የሠራውን አስከፍተው እስከ መጨረሻው ይስሙ፤ «ይሄ ጫጫታ ምንድን ነው?» ከማለትዎ በፊት «ይሄን ድምፅ ለምን እዚህ አስገባኸው?» ብለው ይጠይቁት። ምክንያት ካለው በቁም ነገር ይዞታል።

ውድ ዕቃ ለመግዛት አይቸኩሉ። ቤት ያለው ላፕቶፕና ሚዛኑን የጠበቀ ጆሮ ማዳመጫ ለመነሻ ይበቃሉ። ከሚቀጥለው ትልቅ ወጪ በፊት ልጁ ወይም ልጅቱ አንድ እውነተኛ መሣሪያ፣ ማሲንቆም ይሁን ክራር ወይም ኪቦርድ፣ በእጅ መጫወት ይማሩ። ማሲንቆ ከሚችል ሰው ጋር በሳምንት አንድ ቀን፣ ተገቢውን ክፍያ ከፍለው ትምህርት ቢያስጀምሯቸው፣ ልጁም ያተርፋል፤ አዝማሪውም መምህር ተብሎ ይከበራል። ሙዚቃን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መማር ለሚፈልግ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ።

ጆሮውን ይጠብቁለት። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር፣ 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳይደመጥ ነው። ድምፁ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን ይህ ጊዜ ወደ አራት ሰዓት ይወርዳል። ለልጆች ደግሞ ከዚህም ዝቅ ማለት አለበት። ጆሮው ውስጥ የማይጠፋ ጩኸት የሚሰማው ፕሮዲዩሰር የሥራ መሣሪያውን አጥቷል ማለት ነው። በየሰዓቱ ማዳመጫውን አውልቆ ትንሽ ይረፍ፤ ድምፁንም ከግማሽ ብዙ አያስበልጥ።

ትምህርቱን አይተው። ሒሳብ ለምቱ፣ ፊዚክስ ለድምፁ፣ እንግሊዝኛ ለውሉ፣ አማርኛ ለግጥሙ ያስፈልገዋል። ሰምና ወርቅ ያልገባው ልጅ አዝማሪው ምን እንዳለ ሳይረዳ ቃሉን ቆርጦ ሊደጋግመው ይችላል፤ ስድቡን ሙገሳ፣ ሙገሳውን ስድብ ያደርገዋል።

ገንዘቡንም በግልጽ ይነጋገሩበት። ከዚህ ሙያ ቶሎ የሚከብር ጥቂት ነው። ሠርግ ላይ ዲጄ መሆን፣ ለማስታወቂያና ለፊልም ሙዚቃ መሥራት፣ የሌላውን ዘፈን ማመጣጠን የዕለት ገቢ የሚያስገኙ የሙያው ዘርፎች ናቸው። ልጅዎ ውል ሲቀርብለት ሳያነብ እንዳይፈርም፣ ዕድሜው ካልደረሰ ደግሞ እርስዎ ሳያዩት እንዳያልፍ ከአሁኑ ያስለምዱት።

የለንደኑ ፔጅ ለማሲንቆው ድምፅ ሲል ባሕር ተሻግሮ መጥቷል። የጎንደር ልጅ ማሲንቆው ከደጁ ነው፤ ቋንቋውን ይሰማል፣ ሰሙንና ወርቁን ይለያል፣ ትከሻውም ምቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። የሚጎድለው የሚሰማው ወላጅና የሚያስተምረው አዝማሪ ነው። ለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በቂ ነው። ልጅዎን ይዘው ይውጡ፣ አንድ አዝማሪ ፊት ይቀመጡ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ያስከትቱት። መጀመሪያ ይስማ፤ መቅረጹ ፈቃድ ከተጠየቀ በኋላ ይደርሳል።